ታብሌቱ ተከፈተ፤ በሩን ማን ይጠብቅ?

እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ባልደረሰባቸው ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች ታብሌቶች ይዞ ሄደ። አንደኛዋ መንደር ወንጪ ላይ፣ ከእሳተ ገሞራው ጉድጓድ አፋፍ ናት፤ ሁለተኛዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ። ሞቶሮላ ዙም የሚባሉት ታብሌቶች የሚሞሉት በፀሐይ ኃይል ነበር። ካርቶኑ እንደታሸገ ለልጆቹ ተተወላቸው፤ አስተማሪም መመሪያም አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሲናገር፣ 4 ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን እንዳገኘ ገለጸ። በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስነሡት። የፊት ገጹ እንዳይለወጥ የሚከለክል ሶፍትዌርም ተጭኖ ነበር፤ እሱንም አልፈው እያንዳንዱ ልጅ ታብሌቱን እንደ ራሱ ደስታ አሰናድቶት ተገኘ።

ወሬው ያኔ «የገጠር ልጆች አንድሮይድን ሰበሩ» ተብሎ ዓለምን ዞረ። በሙያው አነጋገር ልጆቹ ያደረጉት ሩት ማድረግ አልነበረም፤ ካሜራ ማስነሣትና ገጽ መለወጥ ከዚያ ያነሰ ሥራ ነው። እኔን የሚመስጠኝ ሌላ ነገር ነው። ኔግሮፖንቴ እንዳለው ካሜራውን የዘጋው ከእሱው ወገን የሆነ፣ ሳያስብበት ያደረገው ሰው ነው። የፊት ገጹ ደግሞ ሆን ተብሎ፣ ለልጆቹ ይበጃል ተብሎ ተቆልፏል። ለልጆቹ ግን ሁለቱ አይለያዩም። ከፊት ለፊት ሲታይ የተዘጋ በር ሁሉ አንድ ነው፤ ለጥበቃ ይሁን ለንግድ ወይም በዝንጋታ የተዘጋ መሆኑን በሩ ራሱ አይናገርም። ታብሌት መክፈት ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ሦስቱም ዓይነት በሮች የሚከፈቱት በአንድ ቁልፍ ነውና።

ነገሩን በቤት እንመስለው። ቤት ገዝተው ገቡ እንበል። ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቱ፣ ኩሽናው የእርስዎ ነው፤ ቀለም ይቀባሉ፣ ዕቃ ያስገባሉ። የመብራት ቆጣሪውና የውኃው መዝጊያ ያለበት ክፍል ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉም በሠሪው እጅ ነው። ሠሪው ምክንያት አለው፤ ማንም እየገባ ሽቦ ከነካካ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል። በዚያው ክፍል ውስጥ ግን እርስዎ የማይፈልጉትን፣ ማውጣትም የማይችሉትን የራሱን ዕቃ አከማችቷል። የታብሌትን ገደብ መፍታት ማለት የዚያን ክፍል ቁልፍ በእጅ ማድረግ ነው። አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ላይ ነው፤ በሊኑክስ ዓለም ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚ «ሩት» ይባላል፤ ሥር ማለት ነው። «ሩት ማድረግ» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚያ ነው። በአፕል አይፓድ ላይ ሲሆን «ጄልብሬክ» ይሉታል፤ እስር ቤት ሰብሮ እንደ መውጣት።

በየጥገና ቤቱ «ሎክ ማስፈታት» የሚለው ቃል የማይገናኙ ነገሮችን ጠቅልሎ ስለያዘ መጀመሪያ እነሱን መለየት ያስፈልጋል። ሲም የሚወስድ ታብሌት በአንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ ያ የሲም ሎክ ነው፣ ከሩት ጋር አይገናኝም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ከአይኦኤስ 7 ጋር ያመጣው፣ ሰው «አይክላውድ ሎክ» የሚለው ደግሞ የባለቤትነት መቆለፊያ ነው፤ መሣሪያው ቢሰረቅ ሌባ እንዳይጠቀምበት የተሠራ። ጉግልም የራሱ አለው። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ያደሏቸው ታብሌቶች ላይ ደግሞ ከርቀት የሚቆጣጠራቸው አስተዳደር ተጭኗል። እነዚህን ማለፍ የሌላ ሰው ንብረት መክፈት ሊሆን ይችላል። ሩትና ጄልብሬክ የራስዎን፣ ያለ ጥርጥር የእርስዎ የሆነውን መሣሪያ የሚመለከቱ ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እነሱ ናቸው።

ጥቅሙን ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት 8 ጊጋባይት ብቻ የሚይዝ ባለ 7 ኢንች አንድሮይድ ታብሌት ነበረኝ። ከዚያች 8 ጊጋባይት ግማሹን ያህል ሲስተሙና ከፋብሪካ የተጫኑ አፖች ይዘውታል። የማልጫወተው ጨዋታ፣ የማላነበው የዜና አፕ፣ ሁለተኛ የአየር ሁኔታ መንገሪያ። ለማጥፋት ስሞክር «ማስወገድ» የሚል ምርጫ የለም። ልጄ መጽሐፍ እንዲያነብበት ፒዲኤፍ ስጭንለት «ቦታ የለም» ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቀን አጥንቼ ሩት አደረግሁት፤ አላስፈላጊዎቹን ነቅዬ ስጥል ታብሌቱ ትንፋሽ ያገኘ መሰለኝ። ባትሪውም ረዘም አለ፣ በየጥቂት ደቂቃው ከጀርባ ተነሥተው ኢንተርኔት የሚጠሩ አፖች ስለሌሉ። ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማስታወቂያንም ከሥሩ ማገድ ይቻላል፤ ሲስተሙ የድረ ገጽ አድራሻዎችን የሚያይበት አንድ ፋይል አለ፣ በእሱ ላይ የማስታወቂያ አቅራቢዎቹን አድራሻ ወደ የትም እንዳያደርስ አድርጎ መጻፍ ነው። ማስታወቂያው ስለማይወርድ ዳታውም አይቆረጥም። ይህ በንግድ ምክንያት የተዘጋው በር ሲከፈት የሚገኘው ትርፍ ነው።

በዝንጋታ የተዘጋውን በር እኛ ከብዙዎች ይልቅ እናውቀዋለን። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ቀደምት የአንድሮይድ መሣሪያዎች ፎንቱን ይዘው አልወጡም፤ አማርኛ መልእክት ሲመጣ ተራ በተራ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ይታዩ ነበር። ፎንቱ በነፃ ይገኛል፣ ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ አለው፤ ነገር ግን የሚቀመጥበት የሲስተም ፎልደር ተቆልፏል። አማርኛ እንዳይነበብ የፈለገ ሰው አልነበረም፤ ያሰበበትም አልነበረም። ስለዚህ የእናታቸውን መልእክት በአማርኛ ለማንበብ ሲሉ መሣሪያቸውን ሩት ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። ያ ዘመን አልፏል፤ አዲስ ታብሌት ዛሬ ፊደሉን ይዞ ይመጣል። ስለ ሩት ሳስብ ግን መጀመሪያ የሚታወሰኝ ይኸው ነው፦ ባለቤቱ ሊያስተካክለው የሚችለውን ነገር ሩቅ ያለ ፋብሪካ እስኪያስታውሰው መጠበቅ።

ሌላው ትልቅ ጥቅም የአሮጌ ታብሌት ዕድሜ ማራዘም ነው። ጉግልና አሱስ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ኔክሰስ 7 ለምሳሌ ከአንድሮይድ 4.3 ጋር ወጥቶ በይፋ የደረሰው እስከ 6.0.1 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አፖች አንድ በአንድ «መሣሪያዎ አይደግፍም» እያሉ ይተዉታል፤ መስተዋቱ ደህና፣ ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ። ሲያኖጅንሞድ የተባለው አማራጭ የአንድሮይድ ሲስተም ሲቆም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የተጀመረው ሊኒየጅኦኤስ ይህንኑ ታብሌት እስከ አንድሮይድ 11 አድርሶታል። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሙሉ ሲስተም ነው። ይህ ከሩትም ያለፈ ሥራ ነው፤ «ቡትሎደር» የሚባለውን፣ ታብሌቱ ሲበራ ማንን እንደሚያስነሣ የሚወስነውን የመጀመሪያ በር ከፍቶ የፋብሪካውን ሲስተም በሌላ መተካት ይጠይቃል።

በአይፓድ በኩል ታሪኩ ትንሽ ይለያል። አፕል አፕ የሚያስገባው በራሱ መደብር ብቻ ነበር። ጄይ ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ሲዲያ የአፕል መደብር ገና ከመከፈቱ በፊት የነበረ፣ ጄልብሬክ የተደረጉ መሣሪያዎች መደብር ነው። ከላይ ተስቦ የሚወርድ የማሳወቂያ ዝርዝር፣ ዋይፋይና ብርሃንን በአንድ ንክኪ መቆጣጠር፣ ሁለት አፕ ጎን ለጎን መክፈት፣ የራስን ኪቦርድ መጫን፤ እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ በጄልብሬክ ተጠቃሚዎች ዘንድ ታይተው በኋላ አፕል ራሱ ያመጣቸው ናቸው። የሌላ ሰው ኪቦርድ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሁለት አፕ ጎን ለጎን በአይፓድ የመጣው በ2015 ነው። ጄልብሬክ ዛሬ የቀዘቀዘበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ብዙው ፍላጎት በሕጋዊው በር ገብቷል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚኖሩ ደግሞ በሕግ ግፊት ከመስከረም 2024 ጀምሮ በአይፓድም ላይ ከአፕል ሌላ መደብር መጠቀም ተፈቅዷል።

ሕጉስ? አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩን በየሦስት ዓመቱ የሚያየው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ስልክን ጄልብሬክ ማድረግ የቅጂ መብት ሕጉን አይጥስም ብሎ ፈቀደ። በ2012 ታብሌትም ይጨመር ሲባል «ታብሌት የሚለው ቃል ወሰኑ አይታወቅም» በሚል አልተቀበለም። በእጅ ያለው ስልክ ይፈቀዳል፣ ከፍ ያለው ስክሪን ግን አይፈቀድም ማለት ነው። ታብሌት የተፈቀደው በ2015 ነው። ፈቃዱ ግን ዋስትና አይደለም። አፕል ያልተፈቀደ ሶፍትዌር የተጫነበትን መሣሪያ ጥገና ሊነፍግ እንደሚችል ይናገራል። ሳምሰንግ ብዙዎቹ መሣሪያዎቹ ውስጥ አንድ ጊዜ ከተቃጠለ የማይመለስ ፊውዝ አስቀምጧል፤ የራሱ ያልሆነ ሲስተም ሲገባ ይቃጠልና ኖክስ የተባለው የጥበቃ ክፍል፣ ከእሱም ጋር እንደ ሚስጥር ፎልደር ያሉት አገልግሎቶች ለዘለቄታው ይዘጋሉ። የፋብሪካው ሲስተም መልሶ ቢጫን እንኳ ፊውዙ አይመለስም።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ለጥበቃ ወደተዘጋው በር። ታብሌት ውስጥ እያንዳንዱ አፕ በየራሱ ክፍል ተዘግቶ ይኖራል። ጨዋታው የባንኩን አፕ ክፍል ማየት አይችልም፤ የእጅ ባትሪ አፕ መልእክትዎን አያነብም። ሩት የሚሰጠው ቁልፍ የእነዚህን ክፍሎች ሁሉ የሚከፍት ነው። ቁልፉ በእርስዎ እጅ ሲሆን መልካም፤ አንድ ጊዜ ሳያስተውሉ «ፍቀድ» ብለው ለተሳሳተ አፕ ከሰጡት ግን ግድግዳ የሚባል ነገር የለም።

ይህ በተግባር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 በአውስትራሊያ አንድ ወጣት የሠራው «ትል»፣ ማለትም ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ራሱን የሚያዛምት ፕሮግራም፣ ጄልብሬክ ወደተደረጉ አይፎኖች ገባ። መንገዱ ቀላል ነበር፤ ሰዎቹ ከርቀት መግቢያ ፕሮግራም ጭነው ከፋብሪካው የመጣውን፣ በሁሉም ላይ አንድ የሆነውን የይለፍ ቃል ሳይለውጡ ትተውታል። የመጀመሪያው ትል የስክሪኑን ሥዕል ከመለወጥ በቀር ብዙ አልጎዳም። በዚያው ወር ተከትሎት የመጣው ግን የአንድ የኔዘርላንድ ባንክ ደንበኞችን የሚያጠምድ ነበር። በነሐሴ 2015 ደግሞ ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ የተባለው የጥበቃ ድርጅትና ዌይፕቴክ የተባለ የቻይና ቡድን፣ ጄልብሬክ ከተደረጉ መሣሪያዎች ከ225,000 በላይ የአፕል አካውንቶች መሰረቃቸውን አስታወቁ። ሌባው የገባው ሰዎቹ በነፃ ነው ብለው ካወረዷቸው ማሻሻያዎች ጋር ነው። ከፋብሪካ እንደወጡ የነበሩት መሣሪያዎች በሁለቱም አደጋ አልተነኩም።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ወለል አድርጎ የሚያሳየኝ እ.ኤ.አ. የ2011 ታሪክ ነው። ኮሜክስ በሚል ስም የሚታወቀው ኒኮላስ አሌግራ በሐምሌ ወር ጄልብሬክሚ 3.0 የተባለውን አወጣ። አይፓድ 2 የያዘ ሰው አንድ ድረ ገጽ ገብቶ አንድ ቦታ ሲነካ ታብሌቱ ይከፈት ነበር፤ ኬብልም ኮምፒዩተርም አያስፈልግም። የሚሠራው ታብሌቱ ፒዲኤፍ ሲያነብ በነበረበት ስህተት በኩል ነው። የጀርመን የኢንፎርሜሽን ደኅንነት መሥሪያ ቤት ወዲያው አስጠነቀቀ፤ በዚያው ስህተት ክፉ ሰው የተመረዘ ፒዲኤፍ ልኮ ሊገባ ይችላልና። አፕል ቀዳዳውን የደፈነው ከቀናት በኋላ ነው። እስከዚያ ግን አሌግራ ራሱ መድፈኛውን አውጥቶ ነበር፤ መጫን የሚቻለው ጄልብሬክ የተደረገ ታብሌት ላይ ብቻ ነው። ለእነዚያ ጥቂት ቀናት በዚህ ቀዳዳ በኩል የተጠበቁት መሣሪያቸውን የሰበሩት ሆኑ። ሁለቱም እውነት ነው፦ ጄልብሬክ የሚገባበት ቀዳዳ ሌባም የሚገባበት ነው፤ ቁልፉ በእጁ ያለ ባለቤት ደግሞ አምራቹን ሳይጠብቅ ቀዳዳውን ሊደፍን ይችላል። ችግሩ፣ የሚደፍን ሰው መኖር ያለበት መሆኑ ነው። ታብሌቱን ከከፈቱ በኋላ ዘበኛው እርስዎ ነዎት።

ለተራ ተጠቃሚ በየቀኑ የሚሰማው ጉዳት ግን ከትልና ከስርቆት በፊት የሚመጣ ነው። የባንክ አፖች ብዙ ጊዜ መሣሪያው መከፈቱን ሲያውቁ አልሠራም ይላሉ። ጉግል አፖች መሣሪያውን የሚፈትሹበት መንገድ ሰጥቷል፤ መልሱ ካላማራቸው ይዘጋሉ። እኔም ይህን የተማርኩት በወር መጨረሻ፣ ገንዘብ ለመላክ በተቀመጥኩበት ሰዓት ነው። ፍተሻውን የሚያታልሉ ዘዴዎች አሉ፤ ዛሬ ሠርተው ነገ ይቆማሉ፤ በገንዘቤ ላይ እንደዚያ ዓይነት ድብብቆሽ አልፈልግም። ፊልም የሚያሳዩ አገልግሎቶችም በብዙ ታብሌቶች ላይ ቡትሎደሩ ሲከፈት ጥራቱን ያወርዱታል፤ ስክሪኑ የጠራ ሆኖ ፊልሙ የደበዘዘ ይመጣል። የሲስተም ማሻሻያ በኢንተርኔት መምጣቱን ያቆማል፣ ወይም መጥቶ ሩቱን ያጠፋዋል፣ ወይም ሲጫን ታብሌቱ ሎጎ ላይ ይቀራል።

«ሎጎ ላይ ቀረ» የሚለውን የጥገና ባለሙያዎች በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰሙት እነሱ ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ መነሻው ለሌላ ሞዴል የተሠራ ፋይል መጫን ነው። አንድ ዓይነት መልክና ስም ያላቸው ሁለት ታብሌቶች፣ አንዱ ሲም የሚወስድ አንዱ የማይወስድ፣ በውስጣቸው የተለያዩ ናቸው። አብዛኛው ፍላሽ ተደርጎ፣ ማለትም ሲስተሙ እንደገና ተጭኖበት ይመለሳል፤ የማይመለስም አለ። ቡትሎደር ሲከፈት ደግሞ በውስጡ ያለው ፎቶ፣ ሰነድ፣ ሁሉም ይጠፋል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ታብሌት የሰረቀ ሰው በሩን ከፍቶ የባለቤቱን ሚስጥር እንዳያነብ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ባክአፕ ሳያደርግ ጀምሮ የልጁን የልደት ፎቶ ያጣ ሰው አውቃለሁ፤ ያንን የሚመልስ ባለሙያ የለም።

ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ «ታብሌቱ ውስጥ ምን አለ?» እላለሁ። ባንኩ፣ ቴሌብሩ፣ የሥራ ኢሜይሉና የቤተሰቡ ፎቶ ያለው በዚያው ላይ ከሆነና ሌላ መሣሪያ ከሌለው አይንካው እላለሁ፤ ያለ ማመንታት። መሳቢያ ውስጥ የተጣለ፣ አምራቹ ከዓመታት በፊት የተወው ታብሌት ካለው ግን በደስታ አበረታታለሁ። ልጆች እንዲያነቡበት፣ መዝሙርና ትምህርት እንዲሰሙበት፣ ኩሽና ውስጥ የምግብ አሠራር እንዲታይበት ሊነሣ ይችላል። በአይፓድ በኩል ለዚህ የሚመቹት አሮጌዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታወቀውና ቼክም8 የተባለው ስህተት ያለው በቺፑ ውስጥ በማይለወጠው ክፍል ስለሆነ አፕል በማሻሻያ ሊደፍነው አይችልም፤ ከአይፓድ 2 እስከ 7ኛው ትውልድ አይፓድ ያሉትን ብዙዎቹን ይመለከታል። ታብሌቱን በእጅ ይዞ በኬብል ማገናኘት ይጠይቃል፤ ጠፍቶ ሲበራም ሥራው እንደገና ይጀመራል። ለአዲሶቹ አይፓዶች ዛሬ «በአንድ ደቂቃ ጄልብሬክ» የሚል ነገር ካዩ ይራቁ።

ከመክፈት በፊት ደግሞ ሳይከፍቱ የሚገኘውን መሞከር ይገባል። በአንድሮይድ ላይ የማይጠፋ አፕ ብዙ ጊዜ «ዲሴብል» ይደረጋል፤ ቦታውን ሙሉ በሙሉ ባይለቅም ከጀርባ መሮጡን ያቆማል። ኮምፒዩተር ያለው ሰው በኬብል አገናኝቶ፣ ሩት ሳያደርግ፣ የፋብሪካውን አፕ ከተጠቃሚው ገጽ ማስወገድ ይችላል። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ በሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል ቦታ አለ፤ ማስታወቂያ የሚያግድ አገልግሎት አድራሻ ሲጻፍበት አብዛኛው ማስታወቂያ ይቆማል። እኔ ያን ቅዳሜ የደከምኩበትን አብዛኛውን ነገር ዛሬ በእነዚህ ሦስት መንገዶች ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ አደርገዋለሁ፤ የባንኩ አፕም ሳይነካ።

ለመክፈት የወሰነ ሰው ከጀርባ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል ያረጋግጥ፤ ባክአፕ ያድርግ፤ የፋብሪካውን ሲስተም ፋይል አስቀድሞ አውርዶ ያስቀምጥ፤ ባትሪውን ይሙላ። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ አይጀምር። ከዋናው የተለየ አዲስ አካውንት ይክፈትበት። ለማያውቁት ሠራተኛ ሰጥቶ «ሩት አድርግልኝ» ማለትን ግን አልመክርም፤ ምን እንደተጫነ፣ ቁልፉ ለማን እንደተሰጠ የሚያውቀው የከፈተው ሰው ብቻ ነው።

ያገለገለ አንድሮይድ ታብሌት የሚገዛም ይህን ይመልከት፦ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብቶ በሴቲንግ፣ ከዚያ «አባውት» በሚለው ሥር መሣሪያው የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑ ተጽፏል፤ «አልተረጋገጠም» ካለ ሻጩን ምክንያቱን መጠየቅ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ አይፓድ የሚልክ ዘመድ ካለዎት ደግሞ፣ በአይክላውድ ሎክ ተዘግቶ እንዳይደርስዎት፣ ከመላኩ በፊት አካውንቱን እንዲያወጣበት ይንገሩት። ረስቶት ከላከው፣ ካለበት ሆኖ በአይክላውድ ገብቶ ያንን መሣሪያ ከአካውንቱ ማስወገድ ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ለማስፈታት ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።